ወደ ታች የሚዋሽ የለም

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኤፍራታ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ እኛ ላንድማርክ ሰፈር፣ በረዶው አልቀለጠም። አካፋ ይዤ ከመኪናዬ ጋር ስታገል ጎረቤቴ በመስኮት እያየ «አይዞሽ» ይለኛል። አይዞሽ ባይ አይጥፋ እንጂ በረዶውማ ይገፋል።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በስልክ እየተያየን ወረቀት ምን ይሠራል ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን «ቀኑን ሙሉ የሙታን እጅ ጽሑፍ ሳነብ ነው የምውለው፣ አንድ የሕያው ሰው ጽሑፍ ልይ» ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ይኸው እንግዲህ የሕያው ሰው ጽሑፍ፤ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። አዎ፣ የሠርግ ቀሚስሽን ጨርቅ ገዝቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሳሳጥርና ሳሰፋ ኖሬ ያንቺን ለሌላ ሰፊ አልሰጥም። አይ፣ ገና አልቆረጥኩትም። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስምና ቸኩዬ ምን አገኛለሁ?

«ሽማግሌዎቹ እንዴት ነበሩ?» ላልሽው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አባትሽ ቤት መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። ጋሽ ልሳነወርቅ በእጮኛሽ በኖላዊ ወገን ሆነው ያማረ ንግግር አደረጉ። የኖላዊ እናት መዓዛም አብራ መጥታለች። በልማዳችን የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር ባትመጣም አሜሪካ ነው፤ አባቱም በሕይወት ስለሌለ ማንም ቅር አላለውም። ቅድመ አያታችን ደጃዝማች ድልነሳ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ላይ ሆነው ሁላችንንም በቁጣ ሲያዩን አመሹ። እንግዶቹ ሥዕሉን አይተው አባትሽን «ቁርጥ አንተን!» ሲሉት ሳቄን ዋጥኩ። ሠዓሊው ቢንያም የደጃዝማቹን መልክ የሚያውቅ ሰው ቢያጣ፣ አባትሽን አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ስቱዲዮው አስቀምጦ እንደሣለው መች ያውቃሉ? ጎፈሩና ጋሻው የደጃዝማቹ ናቸው፤ ፊቱ የወንድሜ ነው።

አባትሽ ትንሽ ደክሞታል። ስልክ ባያነሳልሽ አትቀየሚው። አንቺ ለትምህርትሽ በርቺ፣ የሚሞቅ ነገር ልበሺ።

አክስትሽ ትብለጥ


ቶሌዶ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትብለጥ፤

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ፊደል ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ፤ የቅዳሜውን አማርኛ ትምህርት እያንቀላፋሁ እንደተማርኩት እርስዎ ምስክር ነዎት።

እዚህ ስፔን የምሠራውን ጠይቀውኝ ነበር። የተፋቀ ብራና አነባለሁ። የጥንት ጸሐፊ ያልፈለገውን ቃል በቢላ ፍቆ በላዩ ሌላ ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ በመብራት እያየሁ ከሥር ምን እንደነበረ እፈልጋለሁ። እና እትዬ፣ «መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሄዱ» ያሉት ላይ ቢላው በደንብ ይታያል። ሽማግሌ መጥቶ ምን እንዳለ ሳይነገር ይቀራል? ልጃችሁን ስጡን አላሉም? አባቴ ምን መለሰ? ጨርቁስ ለምን አልተቆረጠም?

ኖላዊም ልክ አይደለም። ስደውል «ቢዚ ነኝ፣ በኋላ ኮል አደርግልሻለሁ» ይላል፣ አያደርግም። እሱ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ አማርኛው ሁሉ ይጠፋዋል። ትናንት «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ፋይን» ሲለኝ ልቤ ወደቀ።

በሥራዬ የምወደውን ነገር ልንገርዎና ላብቃ። በጥንታዊቷ ስፔን ወንዶች በዐረብኛና በዕብራይስጥ ረጃጅም ግጥም ይገጥሙ ነበር። ያ ሁሉ ትልቅ ቋንቋ ካለቀ በኋላ አንዳንዱ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ብቅ ትላለች። የምትናገረው በቤቷ ቋንቋ ነው። ብዙ ጊዜ ለእናቷ ነው የምትናገረው፤ የምወደው ሰው ቀረብኝ፣ ምን ይሻለኛል ትላለች። መልሱ ግጥሙ ውስጥ የለም። እኔ እናቴ ስለሌለች ለእርስዎ ነው የምለው። ምን ይሻለኛል እትዬ? እርስዎ ግን መልስ አለዎት።

ልጅዎ ኤፍራታ


አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኤፍራታ፤

ይቅር በይኝ። የደበቅሁሽ ብቻሽን ስለሆንሽ ነው፤ አብሮ የሚያለቅስ ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም። ኖላዊንም ከእኔ አፍ ትስማ ብዬ ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ። እሱን ማሪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራት በኋላ ጋሽ ልሳነወርቅ «እንግዲህ ዘመድ እንዳይጋባ እንደ አባቶቻችን ወግ ሰባት ቤት እንቁጠርና እንገላገል» አሉ። መገላገል! እኔ ለወጉ ያህል መስሎኝ ሳህን ማንሳት ጀምሬ ነበር። አባትሽ ብድግ አለ፤ ታውቂዋለሽ፣ ይህችን ሰዓት ሲጠብቅ ነው የኖረው። «ኤፍራታ ጸጋዬ፣ ጸጋዬ እንግዳወርቅ፣ እንግዳወርቅ ሽፈራው፣ ሽፈራው ደጃዝማች ድልነሳ!» ብሎ እጁን ወደ ሥዕሉ ዘረጋ።

መዓዛ ሹካዋን አስቀመጠች። «የየት አገሩ ድልነሳ?» አለች። አባትሽ አገሩን ጠራላት። እሷም በቀስታ «የእናቴ አያት ናቸው» አለች። ይህን ያህል ጊዜ ስናውቃት ስለ ዘሯ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም። ኖላዊም ሥዕሉ ሥር ስንቴ ቁጭ ብሎ ምሳ በልቷል፤ ማን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

አባትሽ መጀመሪያ ደስ አለው ብልሽ ታምኛለሽ? የደጃዝማቹን ዘር አገኘሁ ብሎ አቀፋት። «ለካ እህቴ ነሽ!» አላት። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ያለው ነገር ለራሱም ገባው። ከሁለቱም ወገን አራተኛው ላይ ተገናኛችሁ፣ ሰባት ቤት ሳይሞላ። መዓዛ እያለቀሰች «ወንድምና እህት አላጋባም» ብላ ወጣች። ቄሱም ነገሩን ሲሰሙ ተክሊል አላደርስም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልቤን ይበላኛል። አባትሽ ያን ቀን አልተከራከረም። በፓርኪንግ ቲኬት ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው፣ የልጁ ሠርግ ሲፈርስ ቃል አልተነፈሰም። ሳሎን የሚቀመጥባትን ወንበር ደግሞ አዙሯታል፤ አሁን ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

እንግዲህ ምን ይሻላል ላልሽኝ፣ ልጄ፣ ጨርቁ መደርደሪያው ላይ ነው።

አክስትሽ ትብለጥ


ቶሌዶ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ደብዳቤዎን ወንዙ ዳር ተቀምጬ አነበብኩት። ያነበብኩ ዕለት አለቀስኩ፤ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ኖላዊም ትናንት ደወለና በአማርኛ አለቀሰ። እሱ እንኳን ተመለሰልኝ።

በስልክ «ከመጽሐፍሽ ውስጥ መላ የለም ወይ?» ያሉኝ ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የማነባቸው የዘር ሐረግ መጻሕፍት ናቸው። በስፔኗ ካስቲል ሰው ሹመት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነህ ተብሎ ነው። አይሁድ የነበሩና ክርስትና የተነሡ ቤተሰቦች ደግሞ የሚሰጡት መልስ እንጀራቸውን፣ አንዳንዴም ነፍሳቸውን ይወስን ነበር። ስለዚህ ጸሐፊ ይቀጥራሉ፤ እሱም ከጥንት የስፔን ገዢዎች ከጎት ነገሥታት ጋር ያዛምዳቸዋል። ባላባቶቹም ከነሱ አይሻሉም፤ እስከ ትሮይ ድረስ ሄዶ ጀግና የሚበደር አለ።

እውነተኛውን ከውሸቱ የምለይበት ቀላል ዘዴ አለኝ። እውነተኛ ቅድመ አያት ጣጣ አለው። ሚስት አለው፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ ልጆቹ በመሬት ይካሰሳሉ፣ አንዱ ሌላውን ይረግማል። የተውሶ ቅድመ አያት ግን ማዕረግ ብቻ ነው ያለው። አሁን ስለ ደጃዝማች ድልነሳ የምናውቀውን ያስቡት እትዬ። ጎፈር፣ ጋሻና ማዕረግ። ሽፈራውን የወለደችለት ሚስት ማን ነበረች? ሽፈራው ከአባቱ ምን ወረሰ? ከማን ጋር ተካሰሰ? አባቴ ስንት ታሪክ ሲነግረኝ አንድ ጠብ ነግሮኝ አያውቅም።

ግን እባክዎ አባቴን እንዳይጫኑት። ይህን ትምህርት ስጀምር እነዚያን ሰዎች ውሸታሞች እያልኩ እስቅባቸው ነበር። አሁን ያሳዝኑኛል። በር ላይ ቆሞ ምን ትችላለህ ሳይባል የማን ልጅ ነህ የተባለ ሰው ምን ይበል? በዚያች ውሸት እኮ ልጆች አድገዋል። የምጽፈውም ይህን ነው፤ ሰው አባቱን ሲጽፍ ራሱን ነው የሚጽፈው፣ ብዙውን ጊዜም ፈርቶ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። እስካሁን ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ወደ ታች የዋሸ ሰው አላገኘሁም። ሰው ሲዋሽ ወደ ላይ ነው።

ይህን ለአባቴ ያንብቡለት፣ ሌላ ምንም አይጠይቁት። ተሳስቼ ከሆነና ሽፈራው በእውነት የደጃዝማቹ ልጅ ከሆነ፣ ኖላዊን እተዋለሁ። እንዴት እንደምተወው ግን አላውቅም።

ልጅዎ ኤፍራታ


አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤፍራታዬ፤

እፎይ! እፎይ! እስቲ አንቺም በይ፤ እፎይ! ጽሑፌ ቢዛባብሽ ልነግርሽ ቸኩዬ ነው። ተጋቡ ተባለ። መጀመሪያ ይህን እወቂ፣ ከዚያ ሌላውን ተረጋግተሽ አንብቢው።

እንዳልሽኝ ድልድዩን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ምንም አልጠየቅሁትም፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩለት። በር ላይ ቆሞ የማን ልጅ ነህ የተባለው ሰው ጋ ስደርስ አባትሽ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። «ጓሉ» አለኝ። «ምን?» አልኩት። «የሽፈራው አባት ጓሉ ነው የሚባለው። የደጃዝማች ድልነሳ በቅሎ ጫኝ ነበር።»

አባታችን እንግዳወርቅ ልጅ ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲለምን «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የሽፈራው ልጅ ነኝ አለ። «ሽፈራውስ የማን?» አሉት። ከኋላው የቆሙት የትልልቅ ሰው ልጆች ናቸው። እሱ ያየው ትልቅ ሰው አንድ ነበርና የሱን ስም ጠራ። አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚመልስበት ቀን አጣ። ሊሞት ሲል ለአባትሽ ብቻ ነገረው፣ ለእኔ አልነገረኝም። ተናድጄአለሁ፣ አልደብቅሽም። እኔ የደጃዝማች ዘር እኮ ነኝ እያልኩ ስንቱን ሰው ገላምጫለሁ! በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እያልኩ ስንቱን ተርቻለሁ! በቅሎዋ እኛው ቤት ነበረች።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ሥዕሉ ሥር ቆሜ?» አለኝ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። «እሷ በር ላይ የቆመውን ልጅ ካዘነችለት እኔ ምን ያስፈራኛል?» አለ። በዚያው ለጋሽ ልሳነወርቅ ደወለ።

ሁሉም ተመልሰው መጡ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው ያቀረብኩት። አባትሽ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ድምፁ እንደዚያን ዕለቱ አልነበረም። ጋሽ ልሳነወርቅ ጺማቸውን እያሹ «ልጄ ጸጋዬ፣ አትቀየመኝና፣ ሠርጉ እንዳይፈርስ ብለህ ብትለውስ በምን እናውቃለን?» አሉት።

አባትሽ ምን አለ መሰለሽ? «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ዘመን ሲያስታርቁና ሲያጋቡ ኖረዋል። ሰው የሚዋሸው ወደ ላይ ነው። ወደ ታች የዋሸ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያንቺ ቃል መሆኑን እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።

ከዚያ መዓዛ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። «እኔ እኮ አውቅ ነበር!» አለች። ደጃዝማቹ ሲሞቱ ልጆቻቸው በመሬት ተካሰው ለአንድ ትውልድ ያህል አልተነጋገሩም ነበር፤ እናቷ የተካሳሾቹን ስም እንደ ዳዊት ትደግምላት ነበር። ሽፈራው የሚባል ከመሃላቸው የለም። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ብንላት «እንዴት ብዬ! ሰው በገዛ ቤቱ፣ በአባቱ ሥዕል ሥር አባትህ አባትህ አይደለም ይባላል? ከውጭ የወለዱት ይሆናል ብዬ ዋጥኩት» አለች። አየሽ የኛን ነገር? አባትሽ አፍሮ፣ እሷ ይሉኝታ ይዟት፣ ሁለቱ ተከባብረው ሁለት ልጆች ሊቀብሩ ነበር!

ቄሱም ሰምተው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ፈቀዱ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ኖላዊ የአባትሽን ጉልበት ስሞ «ዲጃዝማች ባይሆኑም ኖ ፕሮብሌም» ቢለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አክስትሽ ትብለጥ፣ የጓሉ የልጅ ልጅ ልጅ


ቶሌዶ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

እፎይ ብያለሁ። ያልኩትም ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ስለሆነ የንባብ ክፍሉ ኃላፊ መጥታ ተቆጣችኝ። ምን ሆንሽ ስትለኝ የአባቴ ቅድመ አያት ሹመቱን ለቀቀ አልኳት፤ እዚህ የሚሠራ ሰው ስለሆነች ወዲያው ገባትና አቀፈችኝ።

አባቴ ደወለልኝ። ብዙ አላወራንም። «ድገሚልኝ እስቲ» አለኝ። እኔም ቆጠርኩለት፤ ኤፍራታ ጸጋዬ፣ ጸጋዬ እንግዳወርቅ፣ እንግዳወርቅ ሽፈራው፣ ሽፈራው ጓሉ። ጓሉ ላይ ስደርስ ድምፁ ተሰማኝ፣ እያለቀሰ ነበር። እንደሚያፍር መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ማንም ጠርቶት አያውቅም እኮ» አለኝ።

የጠየቁኝን ልኬት በጀርባው ጽፌዋለሁ። ወገቤ አልወፈረም፤ ቢወፍርም የስፔን ዳቦ ጥፋት ነው። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሥዕሉንስ ምን አደረጋችሁት? እባክዎ አባቴ እንዳይጥለው ይንገሩልኝ። ውሸትም ቢሆን አብሮን ኖሯል።

ልጅዎ ኤፍራታ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

በረዶው ቀልጦ አለቀ፣ ጉልበቴም ታረቀኝ። ሥዕሉን አልጣለውም፣ አይዞሽ። ቅዳሜ አባትሽ በአልጋ ልብስ ጠቅልሎት መጣና «ነይ ቢንያም ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። አዳምስ ሞርጋን ፓርኪንግ አጥተን ስንዞር እንኳ አልተነጫነጨም።

ቢንያም ሥዕሉን ሲያይ ሊያድስለት የመጣ መሰለው። አባትሽ ግን «ጎፈሩን አጥፋልኝ። ጋሻውንም አንሳና በምትኩ የበቅሎ ልጓም አስይዘው። በጎኑ አንዲት የተጫነች በቅሎ አቁምለት» አለው። ቢንያም ዓይኑን አፍጥጦ ቆየና ነገሩን ስንነግረው ወንበር ይዞ ሳቀ። ሲወጣለት ብሩሹን አነሳና «ፊቱንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ።

«ፊቱን እንዳትነካው» አለው አባትሽ። «ከዚህ ሥዕል ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው።»

ለሠርግሽ ይደርሳል ብሏል። መዓዛ ደግሞ በቅሎዋ ነጭ ትሁን ብላለች፤ ደጃዝማቹ ነጭ በቅሎ እንደነበራቸው እናቷ ነግራታለች፣ በሷም ልጆቹ ተካሰዋል አሉ። ቶሎ ጨርሰሽ በሰላም ነይልን።

ጨርቁን ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩት።

አክስትሽ ትብለጥ